ከቡሬ ወዲያ

«ኮቱ ነው መሄድ የምፈልግ» አሉ ወይዘሮ እንቁ።

ልጃቸው ያምሮት የባሕር ዳሩን ሚኒባስ በር እንደያዘች ቀረች። ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የሞላ!» እያለ ይጮኻል። የቡሬ መናኸሪያ የጥር ብርድ ገና አልለቀቀውም።

«የት አሉኝ፣ እማ?»

«ኮቱ። ምረጡ ብለሽኝ የለ? ይኸው መረጥሁ።»

ያምሮት ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ናት። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እናቷን አንድ አገር ወስዳ ልታሳይ ካሰበች ሁለት ዓመት ሆኗታል። «ለቅሶ አይደለም፣ ሠርግ አይደለም፣ ጠበልም አይደለም፤ እንዲያው ለማየት ብቻ» ስትላቸው ነገሩ አልገባቸውም ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ ከማንኩሳ የወጡት ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲዳር ወይም በርበሬ ሲሸጡ ነው። ወሬው ሲሰማ ሁሉም መረጠላቸው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ክንፈሚካኤል ላሊበላ አሉ። ወንድ ልጃቸው ዳኘው አዲስ አበባ፣ እግረ መንገድዎንም ዓይንዎን ይታያሉ አለ። የያምሮት ልብ ደግሞ ባሕር ዳር ነው፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዓሣ ሲበሉ በሐሳቧ አይታ ጨርሳለች። ወይዘሮ እንቁ ለሁሉም «ይሁን» ሲሉ ሰነበቱ። መናኸሪያው ላይ ነው ይሁንታው ያለቀባቸው።

«ኮቱ የሚባል አገር የለም እኮ፣ እማ። እኔ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው።»

«አንቺ ካላወቅሽው የለም ማለት ነው?» ብለው በጣታቸው የነቀምቴውን መንገድ አሳዩ። «በዚያ በኩል ነው።»

ከዚያ ነገሯት። በርበሬ ይዘው ቡሬ ገበያ ሲውሉ ከጎናቸው የምትቀመጥ ዲንቂቱ የምትባል የወለጋ ሴት ነበረች፤ ዝንጅብል ትሸጣለች። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እሳቸው ኦሮምኛ አያውቁም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዷ ስትነሣ ሌላይቱ ዕቃዋን ትጠብቃለች። ዲንቂቱ ስለ አገሯ በእጇ ታወራቸው ነበር። እጇን ከራሷ በላይ ታነሣለች፦ ሣሩ ይህን ያህላል። ሁለት ክንዷን ትዘረጋለች፦ የዛፉ ግንድ ይህን ያህላል። አንዳንዴም ጣቶቿን ታርገበግባለች።

«እሱን ነው ያልለየሁት» አሉ ወይዘሮ እንቁ የራሳቸውን ጣቶች እያርገበገቡ። «ወፍ ይሁን፣ ውኃ ይሁን። ገበያው ሲበተን በዚያ መንገድ እየጠቆመች ‹ኮቱ፣ ኮቱ› ትለኛለች። ከሦስት ዓመት ወዲህ መምጣቷን ተወች።»

ሚኒባሱ ሌላ ሁለት ሰው አግኝቶ ሄደ። ያምሮት ሲሄድ አየችው፤ ዓሣውም አብሮ የሄደ መሰላት። እናቷን ይዛ ወደ ነቀምቴው አውቶብስ ተሻገረችና ትኬት ቆራጩን ጠየቀችው።

«ኮቱ?» ሣቀ ቆራጩ። «እንዲህ የሚባል ፌርማታ የለንም።»

በሩ አጠገብ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ዞር አሉ። «ማን ነው እንዲህ ያለዎት፣ እናቴ?» ብለው ወይዘሮ እንቁን ጠየቁ። ወሬውን እስከ መጨረሻው በጽሞና ሰሙ።

«ኮቱ አገር አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «በእኛ ቋንቋ ‹ነይ› ማለት ነው።»

ወይዘሮ እንቁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«ነይ ስትለኝ ነው የኖረች?»

«ነይ ስትልዎት ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት!» አሉ። «እኔ ደግሞ ራሴን እየነቀነቅሁ ‹አዎን፣ ደግ አገር ነው› እላት ነበር።» ሣቅ መጣባቸው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ሣቁ ሌላ ነገር ሆነና ዓይናቸውን ጠረጉ። «ምን አለች ይሆን? ኩሩ ናት አለች ይሆን?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ከዓባይ ማዶ ጊዳ የሚባል አለ፤ እኔም ወደዚያው ነኝ። ሴትዮዋን ያገኟታል አልልም፤ አገሩ ሰፊ ነው። ሣሩን ግን ያገኙታል። በዚህ ወር ደርቋል፤ ቁመቱ ግን አለ።»

«እማ» አለች ያምሮት፣ «እዚያ እኮ የሚጎበኝ ነገር የለም።»

«ማን አየና?»

ያምሮት ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን መንገድ በካርታ ላይ በዱላ ስታሳይ፣ ዓባይን ስታሻግር፣ ተማሪ ስትፈትን ኖራለች። ከቡሬ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄደችም። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባቴ፣ ዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ አውቶብሱ ይቆምልናል?»

«ሾፌሩን እለምንልሻለሁ።»

ወይዘሮ እንቁ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። አውቶብሱ ወጥቶ ገበያውን አለፈ፤ ሁልጊዜ እሳቸው ተቀምጠው መኪኖቹ የሚያልፏቸውን ቦታ። ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ይጠይቁ ጀመር፤ ይህ የማን ማሳ ነው፣ ያ መንገድ የት ይገባል፣ እነዚያ ሴቶች ምን ተሸክመው ነው። ያምሮት ግማሹን አታውቀውም፤ አላውቅም ማለቱም አልከበዳት።

መንገዱ ትንሽ ከፍ ሲል ወይዘሮ እንቁ ወደ ኋላ ዞሩ። ቡሬ በጠዋቱ ፀሐይ ቆርቆሮዋ እያብለጨለጨ ተኝታለች፤ ሁልጊዜ በግራ የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን በቀኝ ቆሟል፣ ዛፎቹም ቦታ ተለዋውጠዋል። ብዙ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት።

«ይችስ» አሉ የልጃቸውን ክንድ ነካ አድርገው፣ «የማን አገር ናት?»