የሽንኩርት ቢላዋ

ቤት ሁሉ ጎማ ካወጣ ወዲህ፣ ከሳምንት በላይ አንድ ቦታ መቆም የሚፈቀደው ለተበላሸ ቤት ብቻ ነው። ውጭ አገር ተምሬ ስመለስ ያገኘሁት የቤት ጥገና ሥልጠና ነበር። ለመጨረሻው ፈተና የእትዬ አስካለን ቤት ሰጡኝ። የሞተሩ ሽቦ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ጫፍ ሽንኩርት ይሸታል።

“እትዬ፣ የቆረጡት እርስዎ ነዎት?”

“ቀስ በል! ባለቤቴን የቀበርኩት እዚህ ነው። አርባውን እስካወጣ ተወኝ፣ የኔ ልጅ።”

“ምነው ዲያስፖራው፣ አቃተህ?” አለ አሠልጣኙ ከውጭ።

እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይጠግነዋል አልኩና ሽቦውን ቀጠልኩት። ሞተሩ ተነሳ። ለአርባው የጠነሰሱት ጠላ ከእንስራው እየተንቦጫረቀ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

“አለፍክ!” አለ አሠልጣኙ።

እትዬ አስካለ ወለሉን እየወለወሉ፣ “እንኳን ደስ ያለህ” አሉኝ።