የባሮን ግዞት

በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ጥዱ ከሰው በሚበዛበት መንደር፣ አቶ ኦርቪል ሃስኬል የማይሳሳት ጆሮ ነበራቸው። ይህን የመሰከሩት ራሳቸው ናቸው።

አርባ ዓመት ሙሉ በገና ሰሞን ከጥዶቹ ሥር ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ባለወርቅ ዘውዷን ወፍ ቆጥረዋል። አውራ ጣት የምታክለው ይህች ንግሥት ከጥዱ ጫፍ ወርዳ ለተራ ሰው ስለማትታይ፣ የምትቆጠረው እንደ መርፌ በቀጠነ ድምጿ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አርባ ቆጠሩ፤ ከዚያ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ዓምና ሁለት።

ክሎዴት ፔልቲዬ ባሮን የተባለውን ድመት ያመጣችው ልክ ከአራት ዓመት በፊት፣ ባሏን በቀበረች በወሩ ነበር። ነገሩ ለአቶ ኦርቪል ተገለጠላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ማንቆርቆሪያ አቃጥለው «ሲፈላ አያፏጭም» ብለው ለፋብሪካው የወቀሳ ደብዳቤ በጻፉበት ሳምንት፣ ለመንደሩ ጉባኤም በድመቱ ላይ ክስ ጻፉ። ጉባኤው የተከበረ ጆሮን አምኖ ፈረደ።

«ዘንድሮ አንዲት ወፍ እንኳ ካልሰማሁ ነፍሰ ገዳዩ ከመንደር ይወጣል» አሉ፣ ከክሎዴት ወጥ ቤት ተቀምጠው።

«ጋሽ ኦርቪል፣ ይሄ እኮ ሁለት ጥርስ ነው የቀረው! ትራሱ ላይ እንኳ እኔ ነኝ የማወጣው። ጥዱን በመሰላል ነው የሚወጣው?»

«ወንጀለኛ ሁሉ እንዲህ አስመስሎ ይተኛል።»

ምድጃው ላይ የተጣደው ማንቆርቆሪያ አፏጨ። ባሮን ፊቱን አጨማደደ። አቶ ኦርቪል ግን ስለ ድመት ተንኮል የጀመሩትን ዲስኩር አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ቀጠሉ። ክሎዴት በሆዷ «አቤት ኩራት!» እያለች ተነሥታ እሳቱን አጠፋች።

በቆጠራው ማለዳ ክሎዴት ባሮንን በቅርጫት ይዛ መጣች። ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ጥዶቹ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ወፍ ካልተሰማ እኅቷ ባሮንን ባንጎር ከተማ ትጠብቀዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ቤት የሚጠብቃት ክሎዴትን ነው።

«ጸጥ!» ብለው አቶ ኦርቪል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባሮን ጆሮውን ወደ ላይ ቀሰረ።

አቶ ኦርቪል ረዥም ጊዜ ቆሙ። ከዚያም በሐዘንተኛ ግርማ እርሳሳቸውን አንሥተው «ዜሮ» ብለው ጻፉ። «ሰማሽው ዝምታውን? የድመትሽ ሥራ ነው!»

«የቱን ዝምታ፣ ጋሽ ኦርቪል?» አለች ክሎዴት፣ ከራሳቸው በላይ ከጥድ ወደ ጥድ እየተቀባበሉ የሚያፏጩትን ሃያ ያህል ባለዘውዶች ቀና ብላ እያዳመጠች።