የቀይዋ ላም ሕመም

እጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ታሪኩ የአንዲት ላም ነው።

ላሟ ቀይ ነበረች። ባለቤቷ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከላሟ ጋር እንጂ ከልጁ ጋር ብዙም አያወራም። ላሟን «ዞር በይ እመቤቴ፣ እግርሽን አንሺ፣ ጎሽ» ይላታል። ልጁን «አንቺ» ይላታል። ልጅቷም ሰው ሲመጣ ከበር ኋላ የምትቆም ዓይነ አፋር ነበረች።

ጎረቤታቸው አጥር ሠሪ ነው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ሽቦ» ይለዋል። ሽቦ የሚቆርጠው ከላሟ ድርቆሽ ክምር አጠገብ ነው። አንድ ቀን አባትየው ከድርቆሹ ውስጥ የጣት ያህል ቁራጭ ሽቦ አገኘና ደሙ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ ላሜን ልትገድልብኝ ነው?»

«ሽቦ ከበላችማ አጥር አያስፈልጋትም፤ ራሷ አጥር ሆነች ማለት ነው» አለ ጋሽ ሽቦ። አባትየው አልሳቀም።

የከብት ሐኪም ተጠራች።

«ላም በደንብ ሳታላምጥ ነው የምትውጠው» አለች ሐኪሟ። «ሽቦው ጨጓራዋ ውስጥ ይቀመጣል። ልቧ ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልቧን ከወጋት መዳኛ የላትም፤ ሳትከሳ ማረድ ነው።»

ልቧን አዳመጠች፤ ደህና ነው። የአንገቷን ደም ሥር አየች፤ አላበጠም። ፍሪምባዋን ዳሰሰች፤ ውሃ አልቋጠረም። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«አሁን ጀርባዋን ቆንጥጬ እጫናለሁ። የሚወጋት ነገር ካለ ታቃስታለች። ካላቃሰተች ከእኔ ጋር ጨርሳችኋል፤ አልመለስም።»

ልጅቷ ገመዱን ይዛ ፊቷን ላሟ አንገት ላይ ለጥፋለች። ሐኪሟ ቆነጠጠች። አጭር «እህ» ተሰማ።

«ሰማችሁ? እንግዲህ በየሳምንቱ ላያት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣ ጀመር። ስትመጣ በርጩማ ይወጣል፤ አባትየው ሸሚዝ ቀይሮ ስለ ዝናቡ ያወራል። እሷም ማዳመጫውን ልጅቷ ጆሮ ላይ ታደርግላታለች።

«እስኪ ዛሬ አንቺ ሐኪም ሁኚ፣ የኔ እህት። ምን ይላል?»

«ዱብ፣ ዱብ» ትላለች ልጅቷ፣ ድምጿ ሳይሰማ። በሳምንት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው ሐኪሟ ብቻ ነበረች።

አንድ ማክሰኞ ልጅቷ ወፍጮ ቤት ሄዳ ገመዱን አባትየው ያዘ። ላሟ ዝም አለች።

«ከብትም እንደ ሰው ሕመሙን የሚደብቅበት ቀን አለው» አለች ሐኪሟ፣ ግራ ገብቷት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን «እህ»ታው ተመለሰ፤ ከበፊቱ ጠንከር ብሎ።

አባትየውና ጋሽ ሽቦ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጋሽ ሽቦ ተንበርክኮ ድርቆሹን በእጁ ሲለቅም ዋለ። «ሌላ ሽቦ የለውም» ብሎ በአጥሩ በኩል ተናገረ።

በስድስተኛው ማክሰኞ አባትየው ቆረጠ። «ሳትከሳ ትታረድ።»

«ወተቷ እኮ አልቀነሰም» አለች ልጅቷ። ሳትጠየቅ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሥጋዋ ከጠፋ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። ሐኪሟ ትከሻዋን አቀፈቻት። «አይዞሽ፣ አውቃለሁ።»

ላሟ ታረደች። ሐኪሟ ጓንቷን አጥልቃ ጨጓራውን ገለበጠች፤ ልቡን ለሁለት ከፈለች። ሽቦ የለም። ቁስል የለም። ጠባሳ እንኳ የለም።

«በጆሮዬ ነው እኮ የሰማሁት» አለች።

አባትየው ወደ ጋሽ ሽቦ ግቢ አየና አንገቱን ደፋ። ሐኪሟ እጇን ታጥባ ቦርሳዋን ዘጋች። ከእንግዲህ የምትመጣበት ጉዳይ አልነበራትም።

ላሟ አንድም ቀን አላቃሰተችም። ያቃሰትኩት እኔ ነኝ።