የግራው ጓንት

የኦክስጅን መለኪያው ከአንድ ወደ ሦስት ሲዘል የኬሚስቷ ሁለት እጆች አየር በማይገባው የመስታወት ሳጥን ላይ በተገጠሙት ጓንቶች ውስጥ እስከ ክርናቸው ገብተው ነበር።

«አየር የሚያስገባው በግራው ጓንት ነው» አሉ ጋሼ ቫልቭ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧና መዝጊያ ሲነካኩ የኖሩ ቴክኒሻን ናቸውና እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም።

ኬሚስቷ ክው አለች። ቀለበቷንና ሰዓቷን እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ሳህን ላይ ጥላ ነው የመጣችው። ሆስፒታሉ ለአስታማሚ የሚያስረውን የፕላስቲክ አምባር ግን አላወለቀችም። እሱ ይቆረጣል እንጂ አይወልቅም። ጠርዙ ጓንቱን ከውስጥ በስቶታል።

አየሩ እንዳይገባ በቀኝ እጇ የግራ አንጓዋን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብልቃጥ እንደተከፈተ ቀረ። ውስጡ ያለው አረንጓዴ ጠብታ የአሥራ አንድ ወር ልፋቷ ነው፤ ሞሊብዴነም የተባለውን ብረት የያዘ፣ እሱ ከሌለ በሰውነት ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሥራ የሚፈታ። አየር ካገኘው አለቀለት።

ሰውነታቸው ይህን ጠብታ መሥራት ካቃታቸው ሕፃናት አንዱ የእህቷ ልጅ ነው። ከተወለደ ዘጠኝ ቀኑ። መድኃኒት እስኪሆን ስንት ዓመት! ለእሱ እንደማይደርስ እህቷም ታውቃለች፤ ቢሆንም በየቀኑ «ደረሰ?» ትላታለች።

ጋሼ ቫልቭ በጎን ባሉት ጓንቶች እጃቸውን አስገብተው ብልቃጡን ከደኑ። የተበሳው ጓንት መግቢያም ታሸገ። ቀለሙ አልተለወጠም። ጠብታው ግን ዛሬውኑ ከኢንዛይሙ ጋር ካልተገናኘ አያድርም፤ ያንን ሥራ ደግሞ ከእሷ በቀር የሚችል የለም።

ሽማግሌው አዲስ ጓንት አመጡ። መቀስም አመጡ፤ አምባሩ ካልተቆረጠ አዲሱንም ይበሳዋል።

«ሌላ አምባር ይሰጡሽ የለ?»

«ነገ ጠዋት፣ ቢሮው ሲከፈት።»

የሕፃኑ ሐኪም ደግሞ ነገን ማየቱን እርግጠኛ አይደለም። ያለ አምባር የሆስፒታሉ ዘበኛ የገዛ እናቱንም አያስገባም።

«ሂጂ ልጄ፤ እንደገና እንጀምረዋለን» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ስልኩን አንስታ ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት። ዛሬ ከቀረች ምናልባት ልጁን ዳግም እንደማታየው ሳይቀር ነገረቻት። ከእህቷ ኋላ የሕፃኑ መተንፈሻ ማሽን ድምፅ ይሰማል።

«ለሌላ እናት ይደርስላታል?»

«እንጃ። ሊደርስ ይችላል።»

«በይ ሥሪው። እኔ አቅፌዋለሁ።»

ኬሚስቷ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የግራ እጇን ዘረጋች። ጋሼ ቫልቭ አምባሩን ቆረጡት፤ ሳህኑ ላይም ከቀለበቷ አጠገብ አኖሩት። የተቆረጠው አምባር ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፣ የሕፃን አንጓ እስኪያህል ድረስ።