የጣሊያኖቹ ልብስ አጣቢ

በግሪኮቹ ደሴት በካሊምኖስ፣ ገዢዎቹ ጣሊያኖች በግሪክኛ ማስተማርን በከለከሉ በዓመቱ፣ መምህር ሳኬላሪስ የመንደሩን ልጆች በምድር ቤቱ መሰብሰብ ጀመረ። ልጆቹ ማለዳ ማለዳ ከባሕር የወጣ ስፖንጅ ሊያራግፉ የመጡ መስለው፣ ቅርጫት ይዘው ይገባሉ፤ ፊደል ቆጥረው ይወጣሉ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ መንደሩ በሙሉ ዝም ይላል።

ሚስቱ ቴመሊና ከላይ በመስኮት ታያለች። ባሎቻቸው ስፖንጅ ሊያወጡ ወደ ቤንጋዚ ባሕር ለሄዱ ሴቶች ደብዳቤ የምትጽፍላቸው እሷ ናት። ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ ክፉ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ አንዴ ክንዷ ተሰበረ፣ አንዴ ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

በመጋቢት አንድ ቀን የጣሊያን ፖሊሶች መጡ። የማንንም ቤት አልፈተሹም፤ በቀጥታ ምድር ቤት ወረዱ። መምህሩን በጀልባ ወደ ሮድስ እስር ቤት ወሰዱት። በስድስተኛው ወር መሞቱን የሚገልጽ ወረቀት መጣ።

«ማን ነው የነገራቸው?» አለ መንደሩ።

መልሱ ሩቅ አልነበረም። ሴቫስቲ የምትባል መበለት የፖሊሶቹን ሸሚዝ እያጠበች አንዲት ሴት ልጇን ታሳድጋለች። ከሰፈሩ ሰው በየሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያው የምትገባ እሷ ብቻ ናት።

ቴመሊና ጥቁር ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጠበቀቻት።

«ሸሚዛቸውን ብቻ ነው ያጠብሽላቸው ወይስ ወሬም ጨመርሽበት?»

«እትዬ ቴመሊና፣ በልጄ ይዤሻለሁ፣ እኔ...»

ቴመሊና ፊቷ ላይ ተፋችባት።

ዳቦ ጋጋሪው ፖቲቶስ ብቻ ትንሽ አመነታ። «ይቺ ሴት እኮ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም» አለ።

«አፍስ የላትም?» አለች ቴመሊና።

ፖቲቶስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሴቫስቲ ዳቦ አልሸጠም። የልጇ እጮኛ ቀለበቱን መለሰ። ልጅቷም እስክንድርያ ለሚኖሩ ግሪኮች በገረድነት ልትሠራ ተሳፍራ ሄደች፤ አልተመለሰችም። የሴቫስቲ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ድመት ተገኘ። ማን እንደጣለው የጠየቀ የለም።

ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ጀርመኖች መጡ። ከነሱ ጋር ረሃብ መጣ። ጎረቤት ለጎረቤት ቅጠል ሲያካፍል፣ በሴቫስቲ በር ማንም አላለፈም። ቴመሊና የቀራትን ባቄላ ምድር ቤት አስቀምጣ፣ በዚያ ደረጃ በቀን አሥር ጊዜ ትወጣለች ትወርዳለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀችም።

ጀርመኖች ሄዱ፤ እንግሊዞች መጡ። በዚያው ክረምት ሴቫስቲ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ሬሳዋን የሚያነሳ ጠፍቶ፣ ሁለት እንግሊዛዊ ወታደሮች ከቄሱ ጋር ተሸከሟት።

«አያችሁ?» አለች ቴመሊና በመስኮት። «ሞታም ከባዕድ እጅ አልወጣችም።»

ከታች መንገዱ ላይ የቆሙት ሴቶች ሳቁ።

በመጨረሻ የግሪክ ባንዲራ ተሰቀለ። ሰው ተላቀሰ፤ ደወል ተደወለ። የመምህሩ ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ መጋረጃውን የገለጠችው ቴመሊና ነበረች። ሳምንት ሳይሞላ ከአቴንስ የመጣው አዲሱ የፖሊስ አዛዥ፣ ጣሊያኖቹ ጥለውት በሄዱት ቁም ሣጥን ውስጥ የጠቋሚዎችን ማኅደር አገኘ።

መንደሩ ጣቢያው ደጅ ተሰበሰበ። «የዚያች ውሻ ስም በአደባባይ ይነበብልን!» እያለ ፖቲቶስ ይጮሃል።

አዛዡ ቴመሊናን ብቻዋን አስገባና በሩን ዘጋ። ግሪክ ውስጥ ያን ጊዜ መንግሥትና ኮሚኒስቶች ጦር ተማዘው ወንድም ከወንድሙ እየተዋጋ ነበር፤ አዛዡ ሲያወራ ዓይኑ ከመስኮቱ አይነቀልም።

«ሰዉ ስሟን እየጠበቀ ነው» አለችው።

«ይጠብቅ» አለና ባዶ ወረቀትና ብዕር ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ወይዘሮ ቴመሊና፣ ስለ ባልዎ ለጣሊያኖቹ የጻፉትን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ፤ አሁን ደግሞ እዚህ መንደር ኮሚኒስቱ ማን ማን እንደሆነ ለኛ ይጻፉልን።»