ቢጫው መንጠቆ

ሹፌሩ የተሰበረውን መንጠቆ ከጆንያው አውጥቶ የብረት ጥንካሬ ምርመራ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገው። አሥር ዓመት ቁርጥራጭ ብረት ወደ ማቅለጫ ያመላለሰ ክንድ ነውና ጠረጴዛው አቃሰተ።

ታናሽ ወንድሙ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። ግንባታ ላይ ብሎኬት ያንጠለጠለው ይኸው መንጠቆ ተሰብሮ፣ ጭነቱ ከነነፍሱ ጨፈለቀው።

«ማን እንደገደለው ንገሪኝ» አላት የምርመራ ቤቱን መሐንዲስ።

«እኛ ለአሠሪም ለሠራተኛም አናዳላም፣ ወንድሜ። ብረቱ የሚለውን ብቻ ነው የምንናገረው።» መንጠቆውን አገላበጠችው። «ቀለሙን ማን ቀባው?»

«እኔ። ሥራ የጀመረ ዕለት በስጦታ ሰጠሁት። ቢጫ ይወድ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ከዚህ ሌላ መንጠቆ አይነካም ነበር።»

«ቀለሙ መፋቅ አለበት።»

«እጅሽን አንሺ! ሌላ ማስታወሻ የለኝም።»

ቀለሙን ተወችው። ስብራቱን ብቻ ልታይለት መንጠቆውን ይዛ፣ እሱን አስከትላ ወደ ውስጥ ገባች።

እዚያ ቤት ሥራው ሁሉ መስበር ነው። አንዱ ማሽን አውራ ጣት የሚያህል ብሎን ጎትቶ ሲበጥሰው ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ወዲያ ማዶ ከጣሪያ የሚለቀቅ መዶሻ የብረት ዘንግ ለሁለት ይከፍላል። ጥጉ ላይ አንድ ሣጥን ሙሉ የሚያብረቀርቅ ሰንሰለትና መንጠቆ ተከምሯል።

«አዲሱን ምነው ጣላችሁት?»

«አዲስ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሞቷል። እስከ ዐቅሙ ጫፍ ጎትተነዋል። ተመልሶ ሥራ እንዳይገባ አንገቱ ላይ ሦስት ነጥብ እንወጋና ለማቅለጫ እንሰጠዋለን።»

ሹፌሩ ልብ አላላትም። ዓይኑ መዶሻው ላይ ነበር። ከሥሩ የአንድ ሰው ፊት ይታየው ጀምሯል።

መሐንዲሷ ከማጉያ መነጽሩ ቀና አለች። «ስንጥቁ የዚያን ቀን አይደለም። አስቀድሞ ከዐቅሙ በላይ ተጎትቷል።»

«ማን ጎተተው?»

«እሱን ገና አላወቅሁም። ሦስት ቀን ታገሠኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰማህም?»

ለሹፌሩ ግን ነገሩ አልቋል። ከዐቅም በላይ የሚያስጭን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ሠራተኛው «ቶሎ በሉ» እያለ የሚጠራው የግንባታው ፎርማን። መንጠቆውን ነጥቆ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ግንባታው ቦታ ሲደርስ ፎርማኑ ቆሞ አሸዋ ያስወርዳል።

«ጨምሩ፣ ጨምሩ እያልክ ወንድሜን በላኸው!»

«ኧረ በልጆቼ! ሰው አቻኩላለሁ እንጂ ከልኩ በላይ አስጭኜ አላ...»

የመጀመሪያው ምት መንጋጋውን ሰበረው። ሁለተኛው አንበረከከው። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ አልቆጠረም። መንጠቆው በወረደ ቁጥር ቢጫ ቅርፊት እየተላጠ አሸዋው ላይ ይበተናል። አምስት ሰው ተረባርቦ ሲያላቅቀው ፎርማኑ መተንፈስ አቁሞ ነበር።

«የወንድሜን ደም መለስኩ!» አለ ሹፌሩ እያለከለከ። እፎይ አለው። አራት ቀን ሙሉ እምቢ ያለው እንባም አሁን መጣለት። ቁጭ ብሎ መንጠቆውን ጭኑ ላይ አጋደመና ደሙን በእጅጌው ቀስ እያለ ይጠርግለት ጀመር።

ቀለሙ የተላጠው የመንጠቆው አንገት ላይ ሦስት ነጥቦች ነበሩ።