የኮከብ የልብ ምት

ቁጥሮቹ ላይ እርግጠኛ ነኝ። የቀኑን ቅደም ተከተልና የተነገረውን ቃል በቃል ግን ላሳስት እችላለሁ።

ቦንጋ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። የስፖርት መምህራችን ሙሉብርሃን ለአራት ሳምንት በየቀኑ አርባ ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አዘዘን። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሳምንት፣ ጉዞ ከመጀመራችን በፊት፣ በዕረፍት ላይ የሚለካ የልብ ምት ይመዘገባል። ውጤቱ ከሠላሳ ይያዛል። መዝጋቢው እኔ ነበርኩ።

ኮከብ የምትማረው ከማንኪራ፣ ከሩቅ ገጠር፣ በእግሯ እየተመላለሰች ነው። ግማሽ ሰዓት አስቀመጥኳትና የእጇን አንጓ ይዤ ቆጠርኩ። አርባ ስምንት። ሦስቴ ደገምኩት።

መምህሩ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። "ይሄ የሰው ልብ ነው የኤሊ? ሰባ ስድስት በለው፤ የክፍሉ አማካይ እሱ ነው።"

"ቲቸር፣ ሦስት ጊዜ እኮ ቆጥሬ..."

"ሦስት ጊዜ ተሳሳትክ ማለት ነው፣ ይዲድያ።"

ክፍሉ ሳቀ። ራሴን ጠረጠርኩ። ሰርዤ 76 ጻፍኩ።

"ደረቴ ውስጥ ገብተህ ነው ያረምከው?" አለችኝ ኮከብ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን አልመለሰችም።

በአራተኛው ሳምንት እንደገና አርባ ስምንት ወጣ። ስድቡን እየጠበቅኩ ሰጠሁት። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ቁጥሩን በራሱ ደብተር ላይ ገለበጠው። ቀጥሎ ሁለቱ ቁጥሮች የተጻፉበትን ቅጽ ወደ ኮከብ ገፋ።

"ሁለቱም ያንቺ መሆናቸውን ፈርሚ።"

"የመጀመሪያው የኔ አይደለም። አልፈርምም።"

"እንግዲያው ከሠላሳ ዜሮ።"

"ቲቸር፣ ለአትሌቲክስ ማሠልጠኛው ምልመላ በስፖርት ሰማንያ ማምጣት እንዳለብኝ ያውቃሉ።"

"ካወቅሽ ፈርሚያ።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች።

"ኤሊዋ ተናደደች" አለ ጥሩሰው ከኋላ ወንበር።

ዞር አለች። "ማንኪራ ድረስ ተከተለኝና ማን ኤሊ እንደሆነ እናያለን።"

ምልመላው አለፋት። መምህሩም በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ስብሰለሰል ቆየሁ፤ ወይ ሁለቴም አሳስቼ ቆጥሬያለሁ፣ ወይ ትክክለኛውን ሰርዣለሁ። እስከ ዛሬ የሰው እጅ ስጨብጥ ጣቴ አንጓ ይፈልጋል።

ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመምህሩን የማስተርስ ጥናት አገኘሁት፤ የእግር ጉዞ በተማሪዎች ልብ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ነው። ከአርባ ሁለታችን ከፍተኛውን ለውጥ ያሳየችው ኮከብ ናት፤ ከ76 ወደ 48። በአባሪው ገጽ፣ ከስሟ ትይዩ፣ ፊርማ አለ።